ፍርሃት መሠዊያ ሲሠራ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ እምነትና ስለ ፍርሃት ሲነሣ ብዙ ጊዜ በዓይናችን የሚመጣው መከራ ሲጠናበት እግዚአብሔርን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የለም አልልም። ዛሬ ግን ስለ እሱ አልናገርም፤ እዚህ የተቀመጥን አብዛኞቻችን በዚያ በኩል የምንወድቅ አይመስለኝም። እኛ ስንፈራ እግዚአብሔርን አንተውም። እንዲያውም ስንፈራ ጸሎቱ ይበረታል፣ ጾሙ ይጨመራል፣ ጥቅሱ ይፈለጋል፣ ስእለቱ ይበዛል። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ሁሉ ተከልለን ያው ፍርሃታችን ያዘዘንን እናደርጋለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በጭንቅ ሰዓት ሳይታዘዙ የቀሩትን ሰዎች ተከታትላችሁ ብታነቡ ብዙዎቹን የምታገኟቸው ሲሸሹ አይደለም። መሠዊያ አጠገብ ቆመው ነው የምታገኟቸው።

ከሳኦል እንጀምር። ታሪኩ 1ኛ ሳሙኤል 13 ላይ ነው። ሳኦል ከእስራኤል ሁሉ መርጦ ያስቀረው 3,000 ሰው ነበር። በማክማስ የሰፈሩት ፍልስጥኤማውያን ደግሞ ፈረሰኛቸው ብቻ 6,000 ነው፤ የቀረው ሕዝባቸው እንደ ባሕር ዳር አሸዋ ነው ይላል። በእስራኤል ምድር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አልተገኘም፤ ማረሻ ለማሳል እንኳ ወደ ጠላት አገር ይወረድ ነበር። በውጊያው ቀን ሰይፍና ጦር በእጃቸው የተገኘው ሳኦልና ልጁ ዮናታን ብቻ ናቸው። ሕዝቡ በዋሻ፣ በቁጥቋጦ፣ በገደል ስንጥቅና በጉድጓድ ተሸሸገ፤ ዮርዳኖስን ተሻግሮ የኮበለለም አለ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሳኦል የፈራው ነገር እውነተኛ እንደ ነበር እንድናይ ነው። አንዳንድ ሰባኪ የሳኦልን ፍርሃት አቅልሎ ይነግረናል፤ እኛ ቤታችን ስንገባ የራሳችን ፍርሃት ከባድ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ስብከቱም ለዚያ ሌሊት አይደርስልንም።

ለሳኦል የተሰጠው ትእዛዝ ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ይገኛል። ሳሙኤል፦ ወደ ጌልገላ ውረድ፣ እኔ መጥቼ የምታደርገውን እስክነግርህ ድረስ ሰባት ቀን ጠብቅ አለው። ትእዛዙ ሁለት ነገር እንደያዘ ልብ በሉ። ሰባት ቀን የሚለው ይቆጠራል። እስክመጣ ድረስ የሚለው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ሳኦል የሚቆጠረውን ጠበቀ። ሰባት ቀን ሙሉ ሠራዊቱ ሲሳሳ እያየ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙዎቻችን በሦስተኛው ቀን እንጨርስ ነበር። ሰባተኛው ቀን ሲሞላና ሳሙኤል ሲዘገይ ግን፣ የሚቃጠለውን መሥዋዕት አምጡልኝ አለ፤ አሳረገም። ገና አሳርጎ ሲጨርስ ሳሙኤል ደረሰ።

መልሱን ስሙት። ሕዝቡ ከእኔ እንደ ተበታተነ አየሁ፣ አንተም በቀጠሮው አልመጣህም፣ ፍልስጥኤማውያንም ተሰብስበዋል፤ የእግዚአብሔርን ሞገስ ሳልለምን ሊወርዱብኝ ነው ብዬ ራሴን አስገድጄ አቀረብሁ አለ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ሞገስ ሳልለምን የሚለው ነው። ሳኦል ጣዖት አልሰገደም። አምላኩ ትክክል ነው፣ ቦታው ትክክል ነው፣ መሥዋዕቱም ትክክል ነው። የጎደለው መታዘዙ ብቻ ነው። መሥዋዕቱ ለእግዚአብሔር የቀረበ ይመስላል እንጂ፣ እንደ እኔ አነባበብ፣ የተሠራው ሕዝቡ እንዲያየው ነበር፤ የሚበተነውን ሠራዊት ማቆሚያ ነበር። ሳኦል ራሱ በምዕራፍ 15 በአማሌቅ ጉዳይ ሲወቀስ፣ ሕዝቡን ስለ ፈራሁ ቃላቸውን ሰማሁ ብሎ አፍ አውጥቶ ተናግሮታል። በዚያ ስፍራም ክርክሩ እንደ ገና መሥዋዕት ነው፦ ምርጡን በግና በሬ ያስቀረነው ለአምላክህ ልንሠዋ ነው ይላል። መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል የሚለው የሳሙኤል ቃል የተነገረው መሥዋዕትን ለሚንቅ ሰው እንዳልሆነ እናስተውል። መሥዋዕት ለሚያበዛ ሰው ነው የተነገረው።

ደግሞስ ምን አተረፈ? መሥዋዕቱ ካረገ በኋላ ሕዝቡ ሲቆጠር 600 ነው። የተመለሰ ሰው አልተጻፈም። ቀጥሎ በምዕራፍ 14 ልጁ ዮናታን በዚያው ሠራዊት፣ በዚያው ሰይፍ ማጣት ውስጥ ሆኖ ጋሻ ጃግሬውን ብቻ አስከትሎ ወደ ጠላት ጦር ወጣ። በብዙ ወይም በጥቂት ማዳን እግዚአብሔርን አይቸግረውም አለ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በፊት ግን አንድ ቃል አለች፤ ምናልባት። ምናልባት እግዚአብሔር ይሠራልን ይሆናል ነው ያለው። ዮናታን የድል ቀጠሮ በኪሱ ይዞ አልወጣም። አባትና ልጅ ያዩት ጠላት አንድ ነው፤ አባትየው እግዚአብሔርን ሊያንቀሳቅሰው ፈለገ፣ ልጁ ግን እግዚአብሔር ቢንቀሳቀስ አብሮ ሊሄድ ተዘጋጀ።

መንግሥቱ ለሁለት ሲከፈል በእስራኤል የነገሠውን ኢዮርብዓምን በአጭሩ ልለፈው። እግዚአብሔር በነቢዩ በአኪያ በኩል፣ ብትታዘዘኝ እንደ ዳዊት የጸና ቤት እሠራልሃለሁ ብሎት ነበር። በነገሠ ጊዜ ግን ሕዝቡ ለመሠዋት ወደ ኢየሩሳሌም ከወጣ ልቡ ወደ ይሁዳው ንጉሥ ወደ ሮብዓም ይመለሳል፣ እኔንም ይገድለኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሁለት የወርቅ ጥጆች ሠርቶ አንዱን በቤቴል ሁለተኛውን በዳን አቆመ። ለሕዝቡ ያለውን ታስታውሳላችሁ፦ ወደ ኢየሩሳሌም መውጣት ይበዛባችኋል። ስለ ራሱ አንገት የፈራው ሰው ስለ ሕዝቡ እግር ያዘነ መስሎ ቀረበ። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተፀነሰ ፍርሃት የአንድ መንግሥት ሃይማኖት ሆነ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታትም በኢዮርብዓም ኃጢአት ሄዱ እየተባለ ሰማርያ እስክትወድቅ ድረስ ይጻፍባቸዋል።

የይሁዳው ንጉሥ አካዝ ደግሞ ከሁለቱም የረቀቀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 735 ዓመት ገደማ የሶርያው ረአሶንና የእስራኤሉ ፋቁሔ ተባብረው በኢየሩሳሌም ላይ ወጡ፤ የንጉሡና የሕዝቡ ልብ የዱር ዛፍ በነፋስ እንደሚናወጥ ተናወጠ። ኢሳይያስ ወጥቶ፣ ዝም በል፣ አትፍራ፣ እነዚህ የሚጨሱ የትንታግ ጫፎች ናቸው አለው። ባታምኑ አትጸኑም የሚለው ቃል ያን ጊዜ የተነገረ ነው። እንኪያስ ምልክት ለምን ሲባል አካዝ ምን አለ? አልለምንም፣ እግዚአብሔርንም አልፈታተንም አለ። ከኦሪት የተወሰደ የሚመስል መልካም ቃል ነው። ሆኖም ነቢዩ ተቆጣ፤ ሰውየው ልቡን ወደ አሦር አስቀድሞ ልኮ ነበርና። 2ኛ ነገሥት 16 ላይ ወደ አሦር ንጉሥ ወደ ቴልጌልቴልፌልሶር የላከው መልእክት አለ፦ እኔ ባሪያህና ልጅህ ነኝ፤ መጥተህ አድነኝ። ለዳዊት ቤት ንጉሥ አባት እሆነዋለሁ ያለው እግዚአብሔር ነበር። ልጅህ ነኝ የሚለውን ቃል አካዝ አንሥቶ ለአሦር ንጉሥ ሰጠው፤ ከቤተ መቅደሱ የወሰደውን ብርና ወርቅም ጨመረበት።

አሦር በእርግጥ መጣ። ደማስቆ በ732 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደቀች፤ ረአሶንም ተገደለ። ላይ ላዩን ሲታይ የአካዝ ብልሃት ሠራ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በፍርሃት የተወሰነ ውሳኔ አንዳንዴ ይሠራል። ያ ሥራ አልሠራም ብሎ መስበክ ሐሰት ነው። የፈረምነው ወረቀት ከእስር ያድነናል፣ የዋሸነው ውሸት እንጀራችንን ያቆይልናል። አካዝ ግን ከዚያ በኋላ አዳኙን ሊቀበል ደማስቆ ሄደ፤ እዚያ አንድ መሠዊያ አየ፤ ንድፉን ለካህኑ ለኦርያ ላከ፤ የእግዚአብሔር የናስ መሠዊያ ገለል ተደርጎ አዲሱ በቦታው ቆመ። ዜና መዋዕልም የአሦር ንጉሥ አስጨነቀው እንጂ አላጸናውም ብሎ ይዘጋዋል። ከፍርሃት ያዳነን ነገር ቀስ በቀስ መሠዊያ ይጠይቀናል። ሥራውን ለማዳን አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሥራው ሁለተኛ ሲጠይቀው እምቢ የሚልበትን ጉልበት ከየት ያመጣል?

ሌላም ሕዝብ ልጨምር፤ እነዚህ መሠዊያ አልሠሩም፣ የጸሎት ጥያቄ ነው ያቀረቡት። ኢየሩሳሌም ከተቃጠለች በኋላ የባቢሎን ሹም የነበረው ጎዶልያስ ተገደለ። የተረፉት ከጦር አለቃው ከዮሐናን ጋር ሆነው የከለዳውያን በቀል ያልቀናል ብለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸው ምክንያታዊ ነው። ወደ ኤርምያስ ቀርበው፣ ጸልይልን፣ መልካም ቢሆን ክፉም ቢሆን የአምላካችንን ቃል እንሰማለን ብለው ማሉ። ልብ የሚነካ ጸሎት ነው። ሆኖም አንድ ምዕራፍ ቀደም ብላችሁ ብታነቡ ጉባኤው የሰፈረው በቤተ ልሔም አጠገብ፣ ወደ ግብፅ ለመሄድ መንገድ ላይ ነው። መልሱ ከመምጣቱ በፊት ጓዛቸውን አንሥተዋል።

መልሱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ስለ እነዚያ አሥር ቀናት ሳስብ የማደንቀው ኤርምያስን ነው። በየማለዳው የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ፊቱን እያየው፣ ከራሱ አንዲት ቃል ሳይጨምር ጠበቀ። ዛሬ በጭንቅ ላይ ላለ ሰው አሥር ደቂቃ የማይጠብቅ ነቢይ ሞልቷል። በመጨረሻ፣ በዚህች ምድር ብትቀመጡ እሠራችኋለሁ፣ የባቢሎንን ንጉሥ አትፍሩ የሚል ቃል መጣ። ሐሰት ትናገራለህ አሉት። ኤርምያስንም ይዘውት ወደ ግብፅ ወረዱ። የፈራችሁት ሰይፍ በዚያ ያገኛችኋል ተብለው ነበር። የፈለጉት ፊርማ ነበር፤ ነቢዩ አልፈርምም ሲል ሰድበውት ይዘውት ሄዱ።

እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ የወደቁ ናቸው፤ ከዚህ በመነሣት ፍርሃት ራሱ ኃጢአት ነው ብሎ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር። ኢዮሣፍጥ ብዙ ሠራዊት መጣብህ ሲባል ፈራ ይላል፤ በግልጽ ተጽፏል። ፍርሃቱ ግን ወደ እግዚአብሔር አስጠጋው፤ በሕዝቡ ፊት ቆሞም የምናደርገውን አናውቅም፣ ዓይኖቻችን ግን ወደ አንተ ናቸው አለ። አንድ ንጉሥ በሠራዊቱ ፊት አላውቅም ሲል አስቡት። ሳኦል ያቃተው ይህን ማለት ነው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ አዝኖአል፣ ተጨንቆአል፤ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ለምኖአል። ልመናው ግልጽ ነበር፤ ፈቃዱን ግን ለአብ ተወ።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። መጠንቀቅ፣ መደበቅ፣ መሸሽ አለመታመን ነው ወይ? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ተጎድቷል። በቤቷ የምትደበደብን እህት ታመኚና ታገሺ ብሎ የሚመልስ ሰው እግዚአብሔር ያላዘዘውን ትእዛዝ እየሰጠ ነው። ዳዊት ከሳኦል ፊት ለዓመታት ሸሽቷል። ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ግብፅ ተወስዷል። ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት በቅጥሩ ወርዷል፤ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሊገድሉት ሲማማሉ ነገሩን ለሻለቃው እንዲነገር አድርጓል። ያው ጳውሎስ ግን በኢየሩሳሌም እስራት ይጠብቅሃል ሲባል፣ ወዳጆቹ እያለቀሱ ሲለምኑት፣ ወጥቷል። እንግዲህ መለኪያው መሄድና መቅረቱ አይደለም።

ዕዝራና ነህምያን አነጻጽሩ። ሁለቱም ያንኑ ረጅም መንገድ ከፋርስ ግዛት ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ፤ ዕዝራ በ458፣ ነህምያ በ445 ከክርስቶስ ልደት በፊት። ዕዝራ ንጉሡን ወታደር ለመጠየቅ አፈረ፤ የአምላካችን እጅ ለሚሹት ሁሉ መልካም ነው ብዬ ተናግሬአለሁ ብሎ በአኅዋ ወንዝ ጾሞ ያለ ጠባቂ ሄደ። ነህምያ የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ በፈረሰኛ ታጅቦ ሄደ። ሁለቱም የእግዚአብሔር መልካም እጅ በእኔ ላይ ነበረች ይላሉ። ማናቸውም ሌላውን አልከሰሰም። እግዚአብሔር ባልተናገረበት ነገር ላይ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ማድረግ ይችላል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከማይወስደው በእምነት አያንስም።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ የጠላቱ የሰንባላጥ ዛቻ ሲበረታ ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ፤ ሠራተኛው በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው መሣሪያ ይዞ ነበር። ከዚያ ግን ሸማያ ወደሚባል ሰው ቤት ሲገባ፣ ሰውየው፣ በሌሊት ሊገድሉህ ይመጣሉ፣ ወደ መቅደሱ እንግባና ደጆቹን እንዝጋ አለው። በትንቢት መልክ የመጣ ምክር ነው፤ የሚያስገባውም ወደ እግዚአብሔር ቤት ነው። ነህምያ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ይሸሻልን አለ። ካህን አልነበረምና ወደ መቅደስ መግባት አልተፈቀደለትም። በዚህ ነው ምክሩ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ የለየው፤ ሸማያ የተገዛውም እፈራና ኃጢአት አደርግ ዘንድ ነው ብሎ ጻፈ። ሰይፍ መያዙን ትእዛዝ አልከለከለም፣ ያዘ። መቅደስ መግባቱን ትእዛዝ ከለከለ፣ አልገባም። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ። በጭንቅ ላይ ካለ ሰው አጠገብ ሸማያ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም የሚጠራን ወደ ክፉ ስፍራ አይደለም።

ስለዚህ ነው የትኛውን ጸሎት እንደምንጸልይ መለየት ያለብን። አለቃዬ በሐሰተኛ ሪፖርት ላይ ፈርም አለኝ፣ ልፈርም ወይስ አልፈርም ብሎ ሦስት ቀን የሚጾም ሰው ጾሙ ቢያስከብረውም ጥያቄው አያስከብረውም። መልሱ ከሲና ጀምሮ የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው ምሪት ሳይሆን አቅም ነው፤ ሥራዬን ባጣ ልጆቼን አስብልኝ ብሎ መጸለይ ነው። ይህ ጸሎት ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራል፤ እውነተኛውም እሱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንድ ዘመን ላምጣ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ249 ዳኬዎስ በሮም ነገሠ፤ ወዲያው ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች ከ40 የሚበልጡት በግብፅ ተገኝተዋል፤ ሁልጊዜ ለአማልክት ሠውቻለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ ሠዋሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀመስሁ የሚል ነው ይዘታቸው። ከክርስቲያኖች የሞቱ አሉ፣ የታሰሩ አሉ፣ የሠዉም አሉ። ሌሎች ግን ሦስተኛ መንገድ አገኙ፦ ለሹሙ ጉቦ ሰጥተው ሳይሠዉ ወረቀቱን ገዙ። እጃችን ዕጣኑን አልነካም ብለው ነበር። በሰሜን አፍሪካ የምትገኘው የካርታጎ ከተማ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ይህን አልተቀበለም፤ ወረቀቱ ራሱ ክህደት ነው አለ።

ቆጵርያኖስ ራሱ ግን በ250 ከተማውን ትቶ ተሰውሮ ነበር። ፈሪ ተብሎ ተሰደበ፤ ከሮም ሳይቀር ወቀሳ ደረሰው። እሱ መንጋውን በደብዳቤ እየመራ ቆየ። በ258 በሮሙ ንጉሥ በዋሌርያኖስ ዘመን ሊያዝ ሲል እንደ ገና ለጥቂት ጊዜ ተሰወረ፤ ያን ጊዜ ግን ምክንያቱ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ኡቲካ፣ ተወስዶ እንዳይሞትና በራሱ ሕዝብ መካከል ይመሰክር ዘንድ ነበር። መስከረም ወር ላይ በካርታጎ አንገቱን ተቆረጠ። የተሰወረውና የሞተው አንድ ሰው ነው። ወረቀት ግን አልገዛም።

መታዘዝ ያድናል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ዕብራውያን 11 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት አመለጡ የሚለውና በሰይፍ ተገድለው ሞቱ የሚለው በጥቂት መስመር ርቀት ላይ ናቸው፤ እምነቱም አንድ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ለናቡከደነፆር ያድነናል ካሉ በኋላ፣ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም አሉ። ያ ባያድነንም የሚለው ቃል ባይኖር ኖሮ እምነታቸው ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል ይሆን ነበር።

ምናልባት ከመካከላችሁ፣ እኔ ወረቀቱን ገዝቼዋለሁ፣ አሁን ምን ልሁን የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ጥያቄ በካርታጎም ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያንን ከፍሎ ነበር። አንዳንዶች ወዲያው ይመለሱ አሉ፣ ሌሎች ደግሞ ለዘላለም በሩ ይዘጋባቸው አሉ። በ251 የተሰበሰቡት ጳጳሳት ሁለቱንም አልተቀበሉም፤ ወረቀት የገዙት የየራሳቸው ሁኔታ እየታየ ከንስሐ በኋላ እንዲመለሱ፣ የሠዉት ግን በንስሐ እንዲቆዩ ወሰኑ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስደት መቃረቡ ተሰማ። ያን ጊዜ ጳጳሳቱ እንደ ገና ተሰብስበው በንስሐ የጸኑትን ሁሉ፣ የሠዉትንም ጨምሮ፣ ወደ ቅዱስ ቁርባን መለሷቸው። ምክንያታቸው ሰዎቹ ከአደጋ ወጥተዋል የሚል አልነበረም፤ አደጋው እየመጣ ነው የሚል ነበር። የጌታን ጽዋ ከልክለናቸው ደማቸውን ስለ እርሱ እንዲያፈሱ እንዴት እንጠይቃቸዋለን አሉ። አንድ ጊዜ በፍርሃት የወደቁትን ሰዎች ለሚቀጥለው ፈተና ከቆሙት ጋር በአንድ ሰልፍ አሰለፏቸው።